የፈረንጅ ክረምት ክሩዝ ከዱባይ፦ ለቁልቢ ሰሞን ወይስ ከጥምቀት በኋላ? ካቢኑስ የቱ ይሻላል?

ሰብለ_ሳቢያን
ጥቅምት 12 ቀን 2017

ሰላም የድሬ ልጆች። ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ዘንድሮም አገር ቤት መምጣት አልቻለችም፤ የተሰጣት ፈቃድ አሥር ቀን ብቻ ነው። "እማዬን ይዘሽ ዱባይ ነይ፣ እኔም እመጣለሁ፣ ሰባት ሌሊት መርከብ ላይ አብረን እንሁን" አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ስቄ ዘጋሁት። በማግሥቱ የዋጋ ዝርዝር በቴሌግራም ላከችልኝ። መርከቡ ከዱባይ ተነሥቶ አቡዳቢ፣ ሲር ባኒ ያስ የምትባል ደሴት፣ ባሕሬንና ዶሃ ደርሶ ተመልሶ ዱባይ ይገባል።

ሁለት ነገር ግራ ገብቶናል። አንዱ ጊዜው ነው። ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው፦ ታኅሣሥ 12 ተነሥቶ ታኅሣሥ 19 የሚመለሰው፣ ወይም ጥር 17 ተነሥቶ ጥር 24 የሚመለሰው። ሁለተኛው ካቢኑ ነው። መስኮት የሌለው፣ ባለ መስኮት እና ባለ በረንዳ አለ፤ የዋጋው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ያማታል፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሣለች፣ ባሕር አይታ አታውቅም። ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። የሄደ ሰው ካለ ምከሩኝ፤ ያልሄደ ደግሞ አይሳቅብኝ።


አቦ_ድሬ
ጥቅምት 12

ኧረ አቦ! የክረምት ክሩዝ ስትይ በሐምሌ ዣንጥላ ይዛችሁ የምትሄዱ መስሎኝ ነበር። ለእኛ በጋው ለነሱ ክረምት ነው ለካ።

ደሞ ባሕር ለማየት ዱባይ ድረስ? ጅቡቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አይደለም እንዴ! አያቴ በድሮው ባቡር 311 ኪሎ ሜትሩን ሌሊቱን ሲንገጫገጭ ሄዶ ባሕሩን አይቶ፣ ሽቶና ሽርጥ ገዝቶ ይመለስ ነበር።


የከዚራው
ጥቅምት 12

እኔ አጭር መልስ አለኝ፤ መስኮት የሌለውን ያዙ። ሰው መርከብ ላይ የሚሄደው ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ አይደለም። ትበላለህ፣ ላይ ወጥተህ ባሕሩን ታያለህ፣ ማታ ገብተህ ትተኛለህ። መብራቱ ሲጠፋ ሁሉም ካቢን አንድ ነው። በሐምሌ 2016 ዶላር ከተለቀቀ ወዲህ የአንድ መቶ ዶላር ልዩነት በብር ስትመታው ምን እንደሚሆን ራስሽ አስቢው። በተረፈው ገንዘብ ለእናትሽ ዱባይ ላይ ጥሩ የጉልበት ሐኪም ብታሳዪያት ይሻላል።


ጋሽ_መርከቤ
ጥቅምት 13

ልጄ ሰብለ፣ እኔ አሰብ የኛ በነበረበት ዘመን በንግድ መርከቦቻችን ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። የመርከብ ድርጅታችን የተቋቋመው በፈረንጅ 1964 ነው፤ እኔ የገባሁት ዘግየት ብዬ ነው። የሽርሽር መርከብ ላይ ተሳፍሬ አላውቅም። ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው፣ ለቱሪስት ብሎ ጠባዩን አይለውጥም።

ሁላችሁም መስኮት፣ በረንዳ ትላላችሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ክፍሉ መርከቡ ላይ የት ጋ ነው የሚለው ነው። ቀፊራ ገበያ ነጋዴዋ ሚዛኗን ስታነሣ አይተሻል? ሁለቱ ሳህኖች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ መሐል ላይ ያለው ምላስ ግን ብዙም አይነቃነቅ። መርከብም እንደዚያው ነው። ፊቱ ሲነሣ ኋላው ይወርዳል፤ መሐሉ ላይ ያለ ሰው ግን ሻዩ አይፈስበትም። ከፍታውም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር የግራ ቀኙ ውዝዋዜ ይሰፋል። ስለዚህ ለእናትሽ ከርዝመቱ መሐል፣ ከከፍታው ዝቅ ያለውን ፈልጊ።

ከፊት ጫፍ አትያዙ። መርከቡ ጧት ወደብ ሲገባ ጎን ገፊው ሞተር ያጓራል፣ መልህቅ ከተጣለ ደግሞ ሰንሰለቱ ቤት የፈረሰ ያስመስላል። ከኋላ ጫፍ የሞተሩ ንዝረት አለ። እኔ ኋላ ተኝቼ ነው ወጣትነቴን የጨረስኩት፤ አሁንም ጸጥ ሲል እንቅልፍ አይወስደኝም።


ሸገር_ነኝ
ጥቅምት 13

ጋሽ መርከቤ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ በጥር ወር ማዕበል አለው? እርስዎ በዚያ በኩል ያለፉ ይመስለኛል።


አቦ_ድሬ
ጥቅምት 13

"እርስዎ" 😂 ወንድም፣ እዚህ ቤት አንቱታ ጉምሩክ ላይ ነው የሚቀረው።


ጋሽ_መርከቤ
ጥቅምት 13

ተወው አቦ፣ ሰውየው አሳዳጊዎቹን አመስግን። አንተም በለኝ እርስዎም በለኝ፣ እመልሳለሁ።

አዎ አልፌያለሁ። ያ ባሕር ጥልቀት የለውም፣ ዙሪያውን በየብስ የተከበበ ስለሆነም እንደ ውቅያኖስ ረጅም ማዕበል አይመጣበትም። ግን በክረምታቸው ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣ ሻማል የሚሉት ነፋስ አለ። ሲነሣ ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ አቧራም ይዞ ይመጣል። ውኃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ እንደ ፒስታ መንገድ ይንጣል። የዛሬ ትልልቆቹ መርከቦች ከሆዳቸው በታች ግራና ቀኝ ክንፍ አላቸው፣ ውዝዋዜውን ይቀንሱታል። ስለዚህ ለፍርሃት አያበቃም፤ ግን መሐሉን ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።


ኑሪያ_ጀጎል
ጥቅምት 14

ሰላም ከሐረር። እኔ በ2015 ጥር ላይ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ እዚያው መሥመር ላይ ሄጃለሁ። የከዚራው ወንድሜ፣ አንተ ብቻህን ለሚሄድ ወንድ ነው የመከርከው።

መስኮት የሌለውን ነው የያዝነው፣ ርካሽ ብለን። መብራቱን ስታጠፋው ጭልጥ ያለ ጨለማ ነው። ልጆቹ እስከ እኩለ ቀን ተኙ፣ እሰየው ብለን ነበር። እናቴ ግን ሌሊት ነቅታ ንጋቱን ስለማታየው የሱብሒ ሰዓት አለፈኝ እያለች በየሰዓቱ ትቀሰቅሰኛለች። ወላሂ በሦስተኛው ቀን ስልኬን አንገቷ ላይ ላንጠለጥልላት ምንም አልቀረኝም። ሽማግሌ ሰው ቀኑን በመስኮት ነው የሚቆጥረው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሰው በዚያ ጨለማ የበሩን እጀታ ሲፈልግ ጉልበቱን ከአልጋው ጠርዝ ያጋጫል።

ሌላው ጉድ ከጣሪያችን በላይ ነበር። ቡፌው ካለበት ፎቅ ሥር ነው የሰጡን። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወንበር ሲጎተት፣ ጋሪ ሲገፋ ነው የሚያነጋው። የመርከቡ የፎቅ ካርታ ድረ ገጻቸው ላይ አለ። ስታዪ የራስሽን ፎቅ ብቻ አትይ፤ በላዩና በሥሩ ምን እንዳለ ተመልከቺ። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ከሆነ ሰላም ነው። ቡፌ፣ መዋኛ፣ ጭፈራ ቤት፣ ቲያትር ካለ እለፊው። ካርታው ላይ በሁለት ክፍል መካከል የበር ምልክት ያለበትንም አትያዢ፤ በዚያ በር የጎረቤት ወሬ ሁሉ ይገባል።


የከዚራው
ጥቅምት 14

እሺ፣ ስለ ሌሊት መነሣቱ አላሰብኩም ነበር። ግን ለዚህ እኮ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርቶ በሩን ገርበብ ማድረግ ይበቃል። አሥር ብር የማያወጣ መፍትሔ!


ኑሪያ_ጀጎል
ጥቅምት 14

አድርገነዋል። የአየር ማውጫው ድምፅ ደግሞ ልጆቹን ቀሰቀሰ። ሁሉንም ሞክሬያለሁ ወንድሜ።


ዱባይ_ያለሁ
ጥቅምት 15

የደቻቱ ልጅ ነኝ፣ መርከብ ላይ ካቢን በማጽዳት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሆቴል ነኝ። ጋሼ ያለው ሁሉ ልክ ነው። የጎደለውን ልጨምር፣ በቅደም ተከተል አይደለም፣ እንደመጣልኝ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፦ የዚህ መሥመር ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ ነው። በጥር ቀኑ 24፣ 25 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱ ወደ 15 ይወርዳል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ነፋሱ ሲጨመርበት ጋቢ ያስፈልጋል። በሐምሌ እዚህ ከ40 በላይ ነው፣ ማንም አይሞክረውም። ከወቅቱ ውስጥ እጅግ ውዱ የፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት ያለበት ሁለት ሳምንት ነው። ያኔ ልጆች ስለሚበዙ መዋኛውም ሊፍቱም ቡፌውም ወረፋ ነው። ጉልበቷን የሚያማት ሰው ሊፍት አጥታ ደረጃ ስትወጣ አስቢው። ከአዲስ ዓመታቸው በኋላ መርከቡ ይተነፍሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ካቢኑን በተመለከተ፦ "ቁጥሩን እኛ እንመርጥላችኋለን" የሚል ርካሽ ቲኬት ያሳዩሻል። ለእናንተ አይሆንም። ምናልባት ጥሩ ይደርስሻል፣ ምናልባት ደግሞ የኑሪያ ወንበር ጎታቾች ሥር። ቁጥሩን አይታችሁ ክፈሉ። ባለ መስኮት ስትመርጪ "እይታው የተጋረደ" የሚል ጽሑፍ ካለ መስኮቱ ፊት የነፍስ አድን ጀልባ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ ብርሃን ይገባል፣ ባሕር ግን የለም፤ ብርቱካናማ ጀልባ እያዩ ሰባት ቀን። ሊፍት አጠገብ ይሁን፣ ግን ልክ ፊት ለፊቱ አይሁን፤ ከአምስት ስድስት በር ርቆ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ደፍ አለ፣ ለእናትሽ መጀመሪያ ቀን አሳዪያት። ሦስተኛው አልጋ ሶፋ ነው ወይም ከጣሪያ የሚወርድ፤ ከጣሪያ ከሆነ አንቺ ነሽ የምትወጪው፣ ሌላ አማራጭ የለም። ደስ የሚለው፣ የሦስተኛው ሰው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ያንሳል።

ቪዛውን ሳትከፍሉ በፊት ጨርሱ። መርከቡ ከአገሩ ወጥቶ ስለሚመለስ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ አንዴ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ መጥተው ተርሚናል ላይ ያለቀሱ ሰዎች አይቻለሁ። የባሕሬንና የኳታርንም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚሉ ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቂ። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ በአንድ ቀን አያይዛችሁ በዚያው ቀን ልትሳፈሩ እንዳታስቡ፤ መርከብ አይጠብቅም። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

መርከቡ ሰዓቱን ላይቀይር ይችላል። ዶሃ ስትወርዱ ስልክሽ በራሱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል። የእጅ ሰዓት ያዢ፣ በመርከቡ ሰዓት ሙዪው።

አንድ ቅጠል ጫት እንኳ በሻንጣ፣ በኪስ፣ በጫማ እንዳይገኝ። እዚህ ቀልድ የለም። ጀበናውን በሸክላነቱ ማንም አይከለክልሽም፣ ምድጃውን ግን ይወስዱታል። የሚሞቅ ነገር፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ሁሉም በእሳት ምክንያት ክልክል ነው።


አቦ_ድሬ
ጥቅምት 15

ሰባት ቀን ያለ በርጫ? እኔ ይቅርብኝ፣ ጅቡቲዬ ይሻለኛል።


ሰብለ_ሳቢያን
ጥቅምት 17

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጀበናው ጋ ስደርስ "ታዲያ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?" አለች።

ጊዜው ተወሰነ፤ የወሰነውም ቁልቢ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ዱባይ የሚመለሰው ታኅሣሥ 19፣ ልክ በገብርኤል ዕለት ነው። እማዬ ልጆቿን ከወለደች ጀምሮ የታኅሣሡን ቁልቢ ቀርታ አታውቅም። እህቴ በስልክ "አንድ ዓመት ቢቀር ምን አለበት" ስትላት የሆነውን አልጽፈውም። በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት ነው፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ። ሰው ሁሉ ቡፌ ላይ ሥጋ ሲቆርጥ እሷ በሰላጣና በዳቦ ሰባት ቀን፣ ለዚያ ገንዘብ!

ጥር 17 ግን ክፍት ነው። ጥምቀት አልፏል፣ ነነዌ የካቲት 3 ነው፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ይገባል። በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ ብቻ።


ኑሪያ_ጀጎል
ጥቅምት 17

እኛም እንደዚያው ነበር የቆጠርነው፤ ዘንድሮ ረመዷን የካቲት 22 አካባቢ ነው የሚገባው። በጾም ወቅት ቤት ነው ደስ የሚለው፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ የሌለበት ማፍጠሪያ አይጣል።

ካቢንስ? በረንዳ ያዙ። እኔ ዳግም ብሄድ በረንዳ ነው።


ጋሽ_መርከቤ
ጥቅምት 18

በረንዳ ያላቸው ክፍሎች አብዛኞቹ ከፍ ያሉ ናቸው። ሻማል ከመጣ በሩ በነፋስ አይከፈትም፣ ከተከፈተም አይዘጋም። ሦስት ሰው በጠባብ ክፍል፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ሁለት ወንበር። ለዚያ ገንዘብ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ መስኮት ያለውን መሐል ላይ ብትይዢ እኔ ደስ ይለኛል።


ኑሪያ_ጀጎል
ጥቅምት 18

ጋሼ አንተ ባሕር የጠገብክ ሰው ነህ። እናቷ አይታ አታውቅም። ነፋሱም ይንካት፣ ጨዉም ይሽተታት እንጂ!


ሰብለ_ሳቢያን
የካቲት 2 ቀን 2017

ተመለስን። ነገ ነነዌ ስለሆነ ዛሬ ሳልጽፍ ከቀረሁ አልጽፍም ብዬ ነው። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

የያዝነው ባለ መስኮቱን ነው፤ አምስተኛ ፎቅ፣ መሐል ላይ፣ ከሊፍቱ ሰባት በር ርቆ። ኑሪያ አትቆጪ፣ ሦስት ሰው የሚያስተኛ ባለ በረንዳ የቀረው ከኋላ ጫፍ ብቻ ስለነበር ነው። ካርታውን በላይም በሥርም አየሁት፣ መኝታ ክፍሎች ነበሩ። ድምፅ የሚባል አልሰማንም፣ ከእህቴ ማንኮራፋት በስተቀር። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ደፉ ላይ ሰው ይቀመጣል። እማዬ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ እሱን ቦታ ያዘች። ትራስ አደረገችበት፣ መቁጠሪያዋን አስቀመጠች፣ በቃ የሷ ቤት ሆነ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ዳዊቷን እዚያው ትደግማለች። መርከቡ ሌሊት አቅጣጫ ስለሚቀይር ግን ምሥራቁ በየቀኑ ይጠፋባት ነበር። "ዛሬ ደግሞ ፀሐይዋ በማን በኩል ነው የወጣችው?" እያለች እህቴን ላይኛው ፎቅ ድረስ እየላከች ታስጠይቃለች።

ሻማሉ መጣ። ከአቡዳቢ ስንወጣ በሦስተኛው ሌሊት። ከላይ ዘጠነኛ ፎቅ የተዋወቅናቸው ሕንዳውያን ቤተሰቦች በማግሥቱ ቁርስ ላይ አልታዩም፣ በኋላ ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። እማዬ ምንም። "ከድሬ ሐረር ዳገቱን በሚኒባስ ስንወጣ ይብሳል" አለች። ያመመኝ እኔን ነው። ክፍላችንን የምታጸዳው ልጅ አረንጓዴ ፖምና ዝንጅብል አመጣችልኝ፤ ተሽሎኛል። ሲር ባኒ ያስ ላይ በነፋሱ ምክንያት መውረድ ስላልተቻለ ደሴቷን በመስኮት ነው ያየናት።

ዱባይ_ያለሁ ወንድሜ፣ ምክርህን ሁሉ ሰምቼ አንዷን ረሳሁ። ዶሃ ላይ ሱቅ ዋቂፍ ገብተን እማዬ ቅመም ስታሸት፣ ከሻጩ ጋር በተሰባበረ ዓረብኛዋ ስትከራከር (የመጋላ ልጅ ናት፣ ዋጋ ሳታስወርድ አትገዛም) ስልኬን አየሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። መሳፈሪያው እስከ አሥር ተኩል ነው፣ ሰዓት አለን ብዬ ሻይ አዘዝኩ። እህቴ የእጅ ሰዓቷን አየችና ጮኸች። በመርከቡ ሰዓት አሥር ከሃያ ነበር። ታክሲ እስክናገኝ፣ እማዬ በጉልበቷ እስክትገባ... በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች እጃቸውን እያውለበለቡ ነው የተቀበሉን። ከኋላችን የደረሱ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቅመሙን ግን አልጣለችውም።

ስለ ቡናው፦ እዚሁ ቤት ቆልታ አስፈጭታ ነው የያዘችው። ቡፌው ላይ ያለው አስተናጋጅ ኬንያዊ ነው፤ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፈላ ውኃ በቴርሞስ ይሰጣታል። በፌስታል ፈንዲሻ ይዛ ሄዳ ነበር፣ ለሱም አቃመሰችው። ዕጣኑን እኔ ከሻንጣዋ ሁለት ጊዜ አውጥቼዋለሁ፣ ሦስተኛውን ተርሚናሉ ላይ አገኙት።

የከፋኝ ነገር፦ ሶፋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። ሦስት ዐዋቂ በአንድ ካቢን ለሰባት ሌሊት ጠባብ ነው። ገንዘቡ ቢኖር ጎን ለጎን ሁለት ክፍል እንይዝ ነበር። ቲፑም በቀን በሰው እየተቆጠረ መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ላይ ተደምሮ ሲመጣ እህቴ ዝም ብላ ከፈለች፣ እኔ ግን ስንት እንደሆነ አይቻለሁ።


ጋሽ_መርከቤ
የካቲት 2

ጎበዝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ለመርከበኛነት ዘግይታ ነው እንጂ ሆድ አላት።


የከዚራው
የካቲት 3

የዋጋ ልዩነቱ ስንት ነበር በመጨረሻ? ከመስኮት የለሹ ጋር ማለቴ ነው። ለባለቤቴ ልነግራት አይደለም፣ እንዲሁ ለማወቅ።


ሰብለ_ሳቢያን
የካቲት 3

ለሦስታችን በድምሩ 210 ዶላር። እማዬ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችበትን ሰዓት አካፍልበት።


ኑሪያ_ጀጎል
የካቲት 3

የከዚራው፣ ለባለቤትህ ካልነገርካት እኔ ነኝ የምነግራት 😄 ሰብለ፣ የዚያን ክፍል ቁጥር በግል መልእክት ላኪልኝ።